የካርል ቮስ የብር ዶላር

ዌንደል ሃክ ሰኞ ቀትር ላይ በገዛ የአሮጌ ሳንቲም ሱቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑን ያገኘው ደግሞ ከኬለርስበርግ ነዋሪ ሁሉ ባያገኘው የሚሻለው ሰው ነበር። ዶይል ማክሪ ይባላል፤ የሱቁን ግድግዳ ሊቀባ የተቀጠረ ቀለም ቀቢ ነው፤ በዝርፊያ አምስት ዓመት ታስሮ ከስምንት ወር በፊት በአመክሮ የወጣ። ስልክ አንስቶ ፖሊስ የጠራውም ራሱ ነው።

መርማሪ ኢርማ ስቶልዝ ስትደርስ ሽማግሌው ከብረት ካዝናው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ወንበሩ ተገልብጧል። ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ቁስልና ካዝናው ጥግ ላይ የቀረው ደም ልክ ለልክ ናቸው፤ ገፍተው ጣሉት እንጂ አልቀጠቀጡትም። የጀርባው በር አልተሰበረም። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ የወርቅ ሳንቲሞቹ እንደተደረደሩ አሉ። ሌባ ገብቶ ከሆነ በጣም ጨዋ ሌባ ነው።

ጠረጴዛው ላይ መብራቱ እንደበራ ነው። ከሥሩ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ቁራጭ ጥቁር ቬልቬትና ተቀዶ የተከፈተ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚይዙት ዓይነት ነው፤ ሳንቲሙን በሁለት ቅጠል መሀል አድርገው፣ በላስቲክ መስኮት እያሳዩ፣ ዳሩን በስቴፕለር የሚመቱት። በደበዘዘ ቀለም «1893 ኤስ፣ ካርል ቮስ» ተጽፎበታል። ቬልቬቱ ላይ ግን ምንም የለም።

አጠገቡ የዌንደል ማስታወሻ ደብተር ተከፍቷል። ሦስት አጫጭር መስመሮች ናቸው፦ «ቲ ላይ መስመሩ አለ። ኤስ ከገላው ነው። ሐሙስ ለክለቡ።» ኢርማ አንዱም አልገባትም። ደብተሩን በማስረጃ ከረጢት ከታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ዶይል የፒክአፑ መወጣጫ ላይ ተቀምጧል። እስከ ክርኑ ድረስ ቀለም ነው።

«ስንት ሰዓት ወጣህ?» አለችው።

«ስድስት ተኩል ገደማ። መደብሩ ክሬም ቀለም ሰጥቶኝ ሽማግሌው ነጭ ነው ያዘዝኩህ ብሎ ተቆጣ። ልቀይር ሄድኩ። ስመለስ… ይኸው።»

«ምን ያህል ቆየህ?»

«ሃያ አምስት ደቂቃ። ደረሰኙ አለኝ።»

«ደረሰኙ መደብሩ ጋ እንደነበርክ ይናገራል። ከመውጣትህ በፊት ሰውየው በሕይወት እንደነበር ግን አይናገርም።»

«አውቃለሁ እሱን» አለ ዶይል፣ እጁን እያየ። «እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ያሰብኩት መሸሽ ነው።»

«ምነው ታዲያ አልሸሸህ?»

«ልጄን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። የት እሸሻለሁ?»

ልጅቷ ጁኒ ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እሱ እስር ቤት ሳለ ሦስት ባዳ ቤት ተዛውራለች። ከአባቷ ጋር መኖር ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው። በአመክሮ የወጣ ሰው ክስ ከተመሠረተበት ፍርድ እስኪሰጥ የሚጠብቀው የለም፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ልጅቷም ወደ አራተኛው ባዳ ቤት። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ አላነሱትም።

*

በኬለርስበርግ ስለ አሮጌ ሳንቲም የሚጠይቅ ሁሉ የሚላከው ሃርላን ፒትኪን ዘንድ ነው። የሳንቲም ክለቡ ሊቀመንበር ሲሆን፣ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። የጣቢያው ግማሽ ፖሊስ ተማሪው ነበር።

«ስቶልዝ!» አላት በሩን እንደከፈተ። «ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ታዛጊ ነበር።»

«አሁንም አዛጋለሁ፣ ሚስተር ፒትኪን። ስለ ዌንደል ነው የመጣሁት።»

ፊቱ ወዲያው ጠወለገ። አስገብቶ አስቀመጣት። የጥናት ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በትናንሽ መሳቢያ የተሞላ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የመዳብ ሳንቲም ተቀምጧል። ኢርማ ሳታስበው አነሳችው።

«በጠርዙ! በጠርዙ ያዢው እንጂ!» ፒትኪን ከወንበሩ ተነሣ። «ይቅርታ ልጄ። የጣት ላብ መዳብ ላይ ካረፈ አይለቅም። ዛሬ አይታይም፤ ከዓመት በኋላ ግን አውራ ጣትሽ እዚያው ታትሞ ታገኚዋለሽ።»

«ይወለወላላ።»

«ይወለወላል ትላለች! የተወለወለ ሳንቲም እኮ የሞተ ሳንቲም ነው። ደረጃ የምንሰጠው ከሰባ ነው። ስልሳ የሚገባውን ሚስትየው በጥርስ ሳሙና አሽታ ሲያመጡልኝ አለቅሳለሁ።»

ኢርማ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛ መለሰችው። «የካርል ቮስ የብር ዶላር ጠፍቷል።»

«እሱ? ምን ዋጋ አለው ብለው ነው?» ፒትኪን ራሱን ነቀነቀ። «ሐሰተኛ ነው። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ብር በጣም ጥቂት ነው፤ ከጀርባው ከተቀረጸው ንስር በታች ኤስ የምትል ፊደል አለችበት። ፊላደልፊያ የተመታው ፊደል የለውም። ታዲያ አጭበርባሪ ምን ያደርጋል? የፊላደልፊያውን ወስዶ ኤስ ይለጥፍበታል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ክለቡ ፊት መርምሬ ፈርጄበታለሁ፤ በፊደሏ ዙሪያ ሙጫው ይታያል።»

«ከዚያ ወዲህ አይተውት ያውቃሉ?»

«ሐሰተኛ ነገር ሁለቴ አላይም።»

«ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቁ ወደዚህ ስልክ ተደውሏል።»

«ስለ ሐሙሱ ስብሰባ ነው። ማን ምን እንደሚናገር ስንነጋገር ነበር።» ድምፁ አልተናወጠም። «ቀትር ላይ የት ነበርክ ካልሽኝም እዚሁ፣ የክለቡን መጽሔት ሳዘጋጅ። ብቻዬን። ባል የሞተባት ዘንድ ጎረቤት ይመጣል፣ ሚስት የሞተበት ዘንድ ግን ማንም አይመጣም።»

ኢርማ የዌንደልን ማስታወሻ አላሳየችውም። አስባበት ሳይሆን ልማድ ሆኖባት ነው፤ ያላትን ሁሉ ባንዴ ዘርግፋ አታውቅም።

*

የሱቁ ጎረቤት የሆነችው ልብስ ሰፊ ቅዳሜ ዕለት ዌንደል ከአንድ ሰው ጋር ሲጯጯህ ሰምታለች። ሰውየው ስታን ሩድኒክ የተባለ የኮሎምበስ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። ኢርማ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ነድታ ሄደች፤ ሩድኒክ ቆሞ የቋሊማ ሳንድዊች እየበላ ተቀበላት።

«ሰኞ ቀትር? ጨረታ ላይ ነበርኩ። እጄን ሳወጣና ሳወርድ ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል። ከሁለት መቶው ግማሹ ይጠላኛል፤ እሱን ጠይቂ፣ እውነቱን ይነግርሻል።»

ጠየቀች። የሚጠሉት ሁሉ መሰከሩለት።

«ቅዳሜ ለምን ተጣላችሁ?»

«የቮስን ብር ሽጥልኝ አልኩት። ‹የመበለቷ ነው፣ እሷ ሳታውቅ ዋጋ አልናገርበትም› አለኝ። ጅል! ቅዱስ የሆነ ጅል፣ ነፍሱን ይማር።»

«ሐሰተኛ ነው ይባላል እኮ።»

ሩድኒክ ማኘኩን አቆመ። «ማነው የሚለው?»

ኢርማ የማስታወሻውን ቃላት አነበበችለት። ሩድኒክ ሳንድዊቹን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንግዲህ ስሚ። ሳን ፍራንሲስኮ ብሩን የመታችበት ማተሚያ ጭረት ነበረበት። እውነተኛው ላይ፣ በብሩ ፊት ላይ ከተቀረጸችው ሴት ግንባር ላይ ካለው ጽሑፍ፣ ከቲ ፊደል አናት ላይ፣ ፀጉር የምታክል ሰያፍ መስመር ትታያለች። ያቺን ማንም ሊለጥፍ አይችልም። ከገላው ነው ማለት ደግሞ ፊደሏ ከብሩ ጋር አብራ የተመታች፣ ሙጫ ያልነካት ማለት ነው። ዌንደል በዚህ ሙያ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው፤ እንዲህ ብሎ ከጻፈ ብሩ እውነተኛ ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ መልስ ይሰጥሻል።»

ኢርማ ስትመለስ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሰት የተባለው እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

*

ረቡዕ ጠዋት ከነዳጅ ማደያው የሕዝብ ስልክ አንድ ሰው ደወለ። በጨርቅ በታፈነ ድምፅ «የቀለም ቀቢውን መኪና ፈትሹ» ብሎ ዘጋ። ፈተሹ። የካርል ቮስ ብር ከኋላ፣ ክፍት ከሚውለው ሣጥን ውስጥ፣ ከቀለም መቀቢያ ሩሎዎቹ ሥር ተገኘ። ዶይል ካቴና ሲገባለት ያለው አንድ ቃል ነው፤ የልጁ ትምህርት ቤት ስም።

ካፒቴን ብሮገን እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ኢርማን ጠበቃት።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። አለቀ።»

«ማነው የደወለው?»

«ደግ ዜጋ።»

«ደግ ዜጋ ሣጥን ውስጥ ያለውን በምን አየው?»

«ኢርማ፣ እባክሽ። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ዘራፊ ነው፣ ዕቃው እጁ ላይ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ? ፈርሞ ይስጥሽ?»

«እስከ አርብ ክሱን አዘግይልኝ።»

ብሮገን ጣሪያውን አየ። «አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ እንዳትጨቀጭቂኝ።»

ኢርማ ማስረጃ ክፍል ወርዳ ብሩን አወጣች። በአዲስ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። በመስኮቱ በኩል ብሩ ላይ የጣት አሻራ የለም፤ የቀለም ነጠብጣብ የለም። እስከ ክርኑ የተለቀለቀ ሰው የያዘው አይመስልም። ጓንት አድርጎ ይሆናል ይላል ብሮገን። ይሁን።

ካርቶኑን ገልብጣ ጣቷን በዳሩ አስኬደች። የስቴፕለር ሽቦ ከጀርባው ጣት ይቧጭራል፤ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ይኼኛው አልቧጨራትም። ስድስቱም ሽቦዎች ተደፍጥጠው ልሙጥ ሆነዋል።

*

የካርል መበለት አልቲያ ቮስ ትኩስ የፖም ጭማቂ በትልቅ ኩባያ ቀዳችላት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤቱን ሸጣ እህቷ ጋ ልትገባ ዕቃ እያሸገች ነበር።

«ብሩን ልሸጣቸው ካልኳቸው የብር ማንኪያዎች ጋር ነው ለዌንደል የሰጠሁት። ሐሰተኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም የካርል ነውና እየው አልኩት።»

ኢርማ የካርቶኑን ፎቶ አሳየቻት። «ይሄ የማን ነው?»

«የእኛ አይደለም። የእኛው ያረጀ ነበር፣ ካርል የጻፈበት።» መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። «ግን ሽቦውን ተመልከች፣ ተድጧል። ካርልም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ማታ ማታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ በፒንሳ ሲደፈጥጥ እኔ ቴሌቪዥን አልሰማም ነበር። ለማን ብለህ ነው ስለው፣ ‹ለጎረቤቱ› ይለኛል። አንዱ ካርቶን ሌላው ላይ ሲደረደር ሽቦው የጎረቤቱን ሳንቲም ይቧጭራላ። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ሁሉ እንዲያ ያደርጋሉ። አንዲት ሽቦ ሳይድጡ ቢያልፉ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስለኝም።»

«ዌንደልም?»

«ዌንደል እንኳ ካርቶን ከተወ ቆየ። ሁሉን ነገር በፕላስቲክ ነው የሚያደርገው።»

ኢርማ የሱቁን መደርደሪያ አስታወሰች። ልክ ናት፤ አንድም ካርቶን አልነበረም።

«ካርል ክለቡን ለምን ለቀቀ?»

አልቲያ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። «ያን ብር ይዞ የሄደ ዕለት አዲስ ሸሚዝ አልብሼው ነበር። ፒትኪን በማጉያው አይቶ አይቶ ‹ወንድም ካርል፣ ተሸውደሃል፤ ወይስ ልትሸውደን ነው?› አለው። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። የእኔ ሰውዬ ተመልሶ አልሄደም። እስኪሞት ድረስ ግን ብሩን አልጣለውም። ‹ዓይኔ አይዋሽም› ይለኝ ነበር። እኔ…» ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ አላመንኩትም ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሺ እሺ እያልኩ አላመንኩትም።»

ኢርማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ጥቂት ቆየች። ዌንደል ብሩን ለመመዘን ከአሮጌው ካርቶን አውጥቶታል። ሌባ ቢሆን ኪሱ ይከተው ነበር። ይህን የወሰደው ሰው ግን ቤቱ ወስዶ አዲስ ካርቶን አለበሰው፤ ሽቦውንም በፒንሳ ዳጠው፤ ከዚያ ሰው ሊያስርበት ሩሎ ሥር ደበቀው። አመል ያወጣል ከመሀል። ሰውየው ሳንቲም ሰብሳቢ ነው። የክለቡ ሰብሳቢዎች ሃያ ሁለት ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ዌንደል የደወለለት ግን አንድ ነው። ችግሩ ስልክ መቀበል ወንጀል አለመሆኑ ነው።

*

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ፒትኪን ቤት በር ላይ ቆመች። ብሩን ከነካርቶኑ በማስረጃ ከረጢት፣ አንድ ወረቀት ደግሞ በአቃፊ ይዛለች።

«ለቀቢው ሊጠቅም የሚችል አንድ ነገር አለ፣ ሚስተር ፒትኪን። ብሩ ሐሰተኛ ከሆነ የሰረቀው ዋጋ ቢስ ነገር ነው፤ ቢያንስ የስርቆቱ ክስ ይቀልለታል።»

«ሐሰተኛ ነው አልኩሽ።»

«በቃል አይበቃም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላቦራቶሪው ሰው ፊደሏን በመርፌ ፈልቅቆ ያያታል። ሙጫ ከሆነ ትነሣለች። ከመፈልቀቁ በፊት የባለሙያ ፊርማ ጠይቋል፤ ፊደሏ የተለጠፈች ስለሆነች ብትነቀል ጉዳት የለውም የሚል። ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?»

ወረቀቱን የጥናት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ፊቱ ዘረጋች። ብሩንም አጠገቡ አስቀመጠች። የላቦራቶሪ ሰው የሚባል አልነበረም፤ ወረቀቱንም ጠዋት ራሷ ነች የጻፈችው።

ፒትኪን ብዕሩን አነሣ። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈ። እዚያ ላይ ቆመ።

«በመርፌ?»

«ብረት መርፌ ነው መሰለኝ።»

«ፎቶ አንስተው አያዩትም?»

«ምን ያስጨንቅዎታል? ሐሰተኛ ነው።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነጥብ አበጀ፤ ነጥቡ ሰፋ።  ኢርማ ከረጢቱን ልትወስድ እጇን ስትሰድ ፒትኪን መዳፉን ከላዩ ደፋበት።

«አትንኩት! አይነቀልም። ከገላው ነው… ፊደሏ ከገላው ናት። ይቧጥጡታል!»



«ከሠላሳ ዓመት በፊት ሙጫ ነበር» አለች ኢርማ። «ሁለተኛ ደግሞ አላየሁትም ብለውኛል። መቼ ነው ከገላው የሆነው?»

ፒትኪን መዳፉን አላነሣም። ሲናገር ክፍል ውስጥ ሲያስተምር በነበረበት ድምፅ ነው።

«ሰኞ ደወለልኝ። ‹ከጀርባህ ላዋርድህ አልፈልግም፣ መጥተህ በዓይንህ እይ› አለኝ። በጓሮ በር ገባሁ። አየሁ። ቲዋ ላይ መስመሩ አለ። ያን ጊዜ ሙጫ ነው ያልኩት የሰው እጅ እድፍ ነበር፤ ዙሪያዋን የከበበ እድፍ። መብራቱ ደካማ ነበር፣ እኔም ሊቀመንበር ከሆንኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው።» ትንፋሹን ሳበ። «ለመበለቷ በጓዳ ንገራት፣ ክለቡ ፊት አታንሣው ብዬ ለመንኩት። ‹በሰው ፊት ያዋረድከውን በሰው ፊት ታነሣዋለህ› አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት፣ ስቶልዝ። አንድ ጊዜ።»

«ብሩን ለምን ወሰዱት?»

«ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፖሊሶች ሲገቡ በጣታቸው ያነሡታል ብዬ…»

«ወንዝ ቢጥሉት ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር።»

«ወንዝ ውስጥ?» ሕፃን ጣል እንደተባለ ሰው አያት። «ከእነዚህ ስንት እንደቀረ ታውቂያለሽ?»

ኢርማ በሥራ ላይ ተቆጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ተቆጣች።

«ዶይል ማክሪ የሚባለውስ ሰው ስንት አለ? ብሩን አዲስ ካርቶን አለበሱት፣ እንዳይጫር ብለው ሽቦውን በፒንሳ ዳጡለት። ሰውየውን ግን ዕድሜ ልኩን ሊያሳስሩት አንድ ስልክ በቃዎት። የሰባት ዓመት ልጅ አለችው።»

«ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።»

«አልጠየቁማ።»

ፒትኪን መዳፉን ቀስ ብሎ አነሣ። ኢርማ ከረጢቱን ወሰደች፤ በጠርዙ ይዛ።

*

ፒትኪንን ለሚወስዱት ፖሊሶች አስረክባ፣ ከግቢው ሳትወጣ ለአልቲያ ደወለችላት። ብሩ እውነተኛ መሆኑን በአጭሩ ነገረቻት። አልቅሳ እንደጨረሰች ሰው አፍንጫዋን ስትጠርግ በስልኩ ተሰማ።

«ክለቡ ዛሬ ማታ አይደል የሚሰበሰበው?» አለች አልቲያ። «ቆይ፣ ኮቴን ከየትኛው ካርቶን ውስጥ እንደከተትኩት ልፈልግ።»

ጣቢያ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ብሮገን የፒትኪንን ቃል ቆሞ አነበበው።

«ኬሚስትሪ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበር።» ከዚያ የመፍቻውን ወረቀት ፈርሞ ሰጣት።

ዶይልን ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ሲመልሱለት ያየው የግድግዳ ሰዓቱን ብቻ ነበር። ስምንት ተኩል ከአምስት።

«ፒክአፔስ?»

«ማስረጃ ሆኖ ተይዟል፤ ነገ ነው የሚለቀቀው» አለችው ኢርማ። «ና፣ አደርስሃለሁ።»

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ የኋላውን በር ሊከፍት እጁን ሰደደ።

«ከፊት» አለችው።

መንገድ ላይ ስለ ፒትኪን ነገረችው። ዶይል እስኪያልቅ ሰማ። ሰውየውን እንኳ አንድ ጊዜ በሱቁ በር ሲያልፍ ነበር ያየው፤ ስሙንም አያውቅም። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ልጅቷ ትናንት ያደረችው ጎረቤት ዘንድ ነው፤ አባትሽ ሌላ ከተማ ሥራ ሄዷል ተብላለች።

የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲታይ ዶይል መስኮቱን ነካ።

«እዚህ አቁሚልኝ።»

«ገና አንድ መታጠፊያ ይቀረናል እኮ።»

«ከፖሊስ መኪና ስወርድ እንዳታይ።»

ኢርማ ዳር ይዛ አቆመች። ዶይል ጎንበስ ብሎ የጫማ ክሩን መለሰ፤ ግራውን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ወርዶ በሩን በቀስታ ገፍቶ ዘጋ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ወላጅ በእርጋታ ተራመደ። ደወሉ ሲሰማ ግን መራመዱን ትቶ ሮጠ።